የድንቢጧ ዓይን

ሰዓሊው የሞቱ ትንንሽ ወፎችን በጨው እያደረቀ ሥዕሎቹ ላይ ይለጥፋል። የሰፈሩ ሰው "ለየለት" እያለ ቢያማውም፣ ሞታ ያገኛትን ወፍ ሁሉ የሚያመጣው ለእሱ ነው። አንድ ቀን ከል የለበሱ እናት አንዲት ድንቢጥ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ።

"ልጄ፣ እባክህ ይቺን አድርቅልኝ። ቤቴ ላስቀምጣት ነው።"

የድንቢጧ ዓይን ተከድኖ ነበር። ሰዓሊውን አንጀቱን በሉት፤ ለገዛ ሥዕሎቹ እንኳ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ሆድ ዕቃዋን አውጥቶ አደረቃት፣ ላባዋን አበጠረላት፣ በመጨረሻም ዓይኗን ከፍቶ ጥቁር ዶቃ አስገባበት። ወፏ ነፍስ የዘራች መሰለች።

እናትየው ሲመለሱ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

"አዩ እማማ? ነቃች እኮ!"

ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት።

"ምነው ልጄ! እኔ እኮ ነበርኩ የከደንኩላት። የወለድኩት ልጄ በረሃ ላይ ወድቆ ሲቀር ዓይኑን የሚከድንለት ሰው እንኳ አላገኘም። ይቺን ደጄ ላይ ሳገኛት ለእሱ የከደንኩለት መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ዶቃው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ቁልቁል ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። ጣታቸውን ባነሱ ቁጥር ወፏ ታያቸዋለች።