የካሰች ግቢ ዘንባባ

መተማ ከመግባቱ በፊት መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው የካሰችን ግቢ ዘንባባዎች ነበር። አማቷ ችግኞቹን በግመል ከሱዳን አስመጥተው ለጌጥ ብለው ከቤቱ ፊት ተከሏቸው። ፍሬ የጠበቀባቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ሞቱ፣ ዛፎቹ ግን ማደግ አላቆሙም። የትልቁን ግንድ ያቀፈ ሰው ሁለት እጁን አያገናኝም።

ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ ካፒቴኑ ሌላ ቤት አላማረውም። «ይህ ይሁን» አለ ዘንባባዎቹን እየጠቆመ። የካሰች ባል ገብረማርያም ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ ስለነበር ቤቱ ተወረሰ። ካሰችም በገዛ ቤቷ ልብስ አጣቢ ሆና ቀረች።

ዘንባባዎቹን የሚንከባከበው ኸሊፋ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ለሟቹ የካሰች አማት ሲያገለግል ኖሮ ለካፒቴኑም አገለገለ። ገመዱን ከወገቡና ከግንዱ ጋር አዙሮ ይወጣል፣ የደረቀውን ቅጠል መልምሎ ይወርዳል። ካፒቴኑ ከዛፎቹ ስር ቆሞ ፎቶግራፍ እየተነሣ ለእናቱ ይልክላት ነበር። በትልቁ ዘንባባ አናት ላይም የማሽላ ጠባቂ እንደሚሠራው ያለ ማማ አሠርቶ አስካሪ የሚባል የጣሊያን ቅጥር ወታደር ያስቀምጥበታል። እዚያ ለተቀመጠ ሰው፣ መተማን ከሱዳኑ ጋላባት የሚለየውን ኾር የተባለ ደረቅ ወንዝ ፍየል እንኳ ሳይታይ አይሻገረውም።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬ የምትላጨው ዛፉን ነው እኔን?» ይለዋል አስካሪው ከላይ።

«የአንተን ራስ ከነካማ ማጭዴ ይዶለዱማል!» ይላል ኸሊፋ ከታች።

በኅዳር ክፉ ወሬ መጣ። ገብረማርያም ሽንፋ አጠገብ በጥይት እግሩን ተመትቷል፤ እያነከሰ ወደ መተማ ሲመጣ ያየው ሰው አለ። ካፒቴኑም «ገብረማርያምን እሰቅለዋለሁ፣ የደበቀውንም ከጎኑ» ሲል በገበያ አስነገረ።

በዚያው ሰሞን ኸሊፋ ባላየሁት ብሎ የሚመኘውን ነገር አየ። ካሰች በጠራራ ፀሐይ ከልብሱ ዘንቢል ስር በሳህን ንፍሮ አወጣች። ከትልቁ ዘንባባ ግርጌ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣች፣ ንፍሮውን ወደ ውስጥ ገለበጠች፣ ውኃም አስከተለች። ኸሊፋ ድንጋዩን ያውቀዋል። ከስሩ አማቷ ማሽላ ያከማቹበት የነበረ፣ ሰው ተመቻችቶ የሚተኛበት ጉድጓድ አለ።

ቢናገር ካሰች ትሰቀላለች። ዝም ቢልና ቢደረስበት እሱም አብሯት ነው። ልሽሽ እንዳይል በሩ ላይ ጠባቂ አለ፣ የሸሸን ሰው ደግሞ ማን ንጹሕ ነው ይለዋል?

ልብስ ስታሰጣ ጠብቆ ጠጋ አላት። «ልጄ፣ አብደሻል? ከራስሽ በላይ ማን እንደተቀመጠ አታዪም?»

ካሰች ቀና ብላ ማማውን አየች። «አየኝ እንዴ፣ ጋሽ ኸሊፋ?»

«ወላሂ፣ እስካሁን ያላየሽ እንቅልፍ ይዞት ነው!»

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል። እርስዎ ግን ምንም አላዩም፣ እሺ?»

ሄደች። ድንጋዩን በቅጡ እንኳ አልገጠመችውም። ኸሊፋ ዙሪያውን ቃኝቶ በእግሩ ገፋው። በማግስቱ ሲመጣ እንደገና ገርበብ ብሎ አገኘው። ጭንቀት ልቧን ወስዶታል አለ። ካፒቴኑ ባሳለ ቁጥር ይደነግጥ ጀመር።

አንድ ረፋድ ላይ አስካሪው እየጮኸ ከማማው ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ኸሊፋ ተጠራ።

ካፒቴኑ ሊቢያ በለመደው ዐረብኛ፣ «ከዛፉ ስር ምንድን ነው ያለው?» አለው።

«የማሽላ ጉድጓድ ነው ጌታዬ። የድሮ ነው።»

«ሰው ይይዛል?»

ካፒቴኑ ሽጉጡን ከጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይይዛል» አለ ኸሊፋ። ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ።

«እንግዲያው ይቆፈር!»

«ጌታዬ፣ ሥሩ ከተነካ ዛፉ ቤቱ ላይ ይወድቃል። አስቀድሞ መቆረጥ አለበት።»

ካፒቴኑ ወጥቶ ዘንባባውን ከግርጌው እስከ አናቱ አየው። አመነታ። ለእናቱ የሚልከው ፎቶግራፍ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ያን ጊዜ ካሰች ከየት መጣች ሳትባል ሮጣ ግንዱን አቀፈችው።

«አትቁረጡት! በመድኃኔ ዓለም! የአማቴ እጅ ያረፈበት ነው! ከእሱ በፊት እኔን ቁረጡኝ!»

የካፒቴኑ ፊት በራ። «ቁረጡት» አለ። «እሷን ከግቢ አስወጡልኝ፣ ጆሮዬን በጠሰችው። ባሏ ሲወጣ እናስጠራታለን።»

ሁለት አስካሪዎች ጎትተው ከበር ውጭ ጣሏትና ተመለሱ። ገብረማርያም ከነጠመንጃው ነው ስለተባለ በሰፈሩ ያለ ወታደር ሁሉ ተጠራ። ኾሩን የሚጠብቁት ሳይቀሩ መጥተው ግማሾቹ ጉድጓዱን ከበቡ፣ ግማሾቹ አካፋ ያዙ።

መጥረቢያውን ኸሊፋ ራሱ አነሣ። ሌላ ሰው እንዲያሠቃየው አልፈለገም። ቀትር ሲሆን ዘንባባው ተንሰቀሰቀ፣ አዘነበለ፣ የእሾህ አጥሩን ጨፍልቆ ከነማማው ወደቀ።

ድንጋዩ ተነሣ። አፈሩ ተዛቀ። ጠመንጃዎቹ ሁሉ ወደ ታች ተደገኑ።

«ውጣ!» አለ ካፒቴኑ።

አንዱን አስካሪ በገመድ አስረው አወረዱት። አፍንጫውን ይዞ ወጣ፣ በመዳፉ የሻገተ ንፍሮ ነበር።

«ሰው የለም» አለ። «ያለው ይሄ ብቻ ነው ጌታዬ። የቀመሰው ሰው የለም።»

ኸሊፋ ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጦ አጥሩ በተጨፈለቀበት በኩል ዓይኑን ቢያነሣ፣ ካሰች አንድ የሚያነክስ ሰው ደግፋ፣ ጠባቂ የሌለውን ኾር ተሻግራ፣ የጋላባትን ዳገት ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር።