ከሰሙ ውስጥ የወጣው ሕዋስ

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ባልደረቦቿ «ቆራጧ» ይሏታል። ሥራዋ መቁረጥ ነው። በሰም ታሽጎ ለዓመታት የተቀመጠ የሰው ሥጋ በስሱ ተቀርፎ መስታወት ላይ ይለጠፍላታል፤ እሷም በማይክሮስኮፕ እያየች የምትፈልጋቸውን ሕዋሳት ብቻ በሌዘር ከብባ ታወጣለች። የወጡት ለዘረመል ምርመራ ይላካሉ። ከሥራዋ ውጭ ግን ቆራጥ አልነበረችም። ሰው ሲቆጣት ምላሷ ይታሰራል።

ከሁለት ዓመት በፊት የሁለት በሽተኞችን ስም አቀያይራ ነበር። ስህተቱ ማንንም ሳይጎዳ ተደረሰበት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። አለቃው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሰጥቷታል።

አለቃው ከማንም ቀድሞ ይገባል፣ ከማንም ኋላ ይወጣል። ፈቃድ ወስዶ አያውቅም። «ሠርግም ለቅሶም የለበት» እያሉ ያሙታል።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን እየተደገፉ መጡ። ታናሽ እህታቸው ከአራት ዓመት በፊት በእንቅርት ካንሰር ሞታለች። አሁን ደግሞ የእሳቸው ልጅ አንገት ላይ እብጠት ወጥቷል።

«በዘር የሚመጣ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝ። የልጅ ልጆችም አሉኝ» አሉ።

የሟቿ ናሙና ከመጋዘን ወጣ። ቆራጧ የታመሙትን ሕዋሳት በአንድ ብልቃጥ፣ ጤነኞቹን ለማነጻጸሪያ በሌላ ብልቃጥ ለየች። ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። የታመሙት ሕዋሳት የሴት ናቸው። ጤነኞቹ የወንድ ናቸው።

የሌላ ሰው ሕዋስ ተደባልቆባታል ብላ ደነገጠች። ጓንቷን ቀየረች፣ የመቅረፊያውን ምላጭ አስቀየረች፣ ከሰሙ አዲስ ቅርፊት አስቀርፋ እንደገና ሠራች። አሁንም ወንድ። የወንዱ የዘረመል ቁጥሮች ከሟቿ ጋር ግማሽ በግማሽ ይገጥማሉ፤ የተደባለቀ ናሙና እንዲህ ያደርጋል ብላ አለፈችው።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ።

«አንቺ፣ ባል ፍለጋ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ገባሽ እንዴ?» አላት አጠገቧ የሚሠራው ቀልደኛ።

ሁሉም ሳቁ። አብራ ሳቀችና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

አንድ ተስፋ ነበራት። አሮጊቷ ዘንድ ደወለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህትዎ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር? የፅንስ ሕዋስ እናቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ልኳን ሊቆይ ይችላል።»

«እህቴ ባል አላገባችም። አልወለደችም። የሞተ ሰው ስም አታጉድፊ!» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ያንኑ ቀን አቤቱታው አለቃው ዘንድ ደረሰ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆማት።

«የራስሽን ጥፋት በሟች ታላክኪያለሽ?»

እሷ አንገቷን ስትደፋ አለቃው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«የሁላችንም የዘረመል መለያ ለእንዲህ ያለው ቀን ተመዝግቧል። ሕዋሱ ከማን እንደመጣ ይታያል። በማን ዝርክርክነት እንደገባ ግን ከወዲሁ አውቄዋለሁ።»

ቆራጧ ከዚያ በኋላ ምሳዋን ለብቻዋ በላች። መሳቢያዋንም ባዶ አደረገች፤ ውጪ ሲሏት ሰው እያየ ዕቃ መልቀም አልፈለገችም።

በሦስተኛው ቀን የውጤቱ ወረቀት መጣ። አለቃው ሁሉንም ሰብስቦ ራሱ ከፈተው። አነበበው። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው።

«የኔ ነው» አለ።

ቀልደኛው ጫማውን ያይ ጀመር።

«ያንን ናሙና በዓይኔም አላየሁት» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ግን ወረቀት አይዋሽም።» ከዚያ ወደ ቆራጧ ዞረ። «በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ነጻ ወጣች፤ ግን ደስታ አልተሰማትም። እንዲያ ሲሸማቀቅ ማየቱ ከራሷ ውርደት ባሰባት። ሌሊቱን ሙሉ የተዘጋጀችበት መልስ ሁሉ ጠፍቷት «ምንም አይደል» ብቻ አለች።

ለአሮጊቷ በደብዳቤ ይነገራቸው ቢሉት አለቃው እምቢ አለ። «እኔው ዓይናቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ።»

አሮጊቷ በማግስቱ መጡ። ቆራጧን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አለቃው ግን ቆሞ ቀረ።

«እማማ፣ የእህትዎን ናሙና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የተገኘው የወንድ ሕዋስ የኔ ነው። እንዴት እንደገባ አላውቅም፤ የምወቅሰው የራሴን እጅ ነው። ይቺ ልጅ ጥፋት የለባትም። እርስዎንም የሟችንም ክብር ነክተናል።»

አሮጊቷ ቀና አሉ።

«የእርስዎ?»

«የኔ።»

«ተሳስተው እንዳይሆን?»

«አንድም ቁጥር አልተዛነፈም።»

ግንባሩን አዩት፣ ጆሮውን አዩት፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። «ሃምሳ አንድ።»

ምርኩዛቸው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። ሊያነሳላቸው ጎንበስ ሲል በሁለት እጃቸው እጁን ለቀም አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህ እጅ ምንም አላበላሸም፤ እህቴ እንቅልፍ በወሰዳት ሰዓት ከእቅፏ አንስቼ ማሳደጊያ በር ላይ የጣልኩህ እኔ ነኝ።»