ምንም ያልጎደላት መኪና

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባት ነበር። ክረምቱ ዝናብ ሳይጥል ወጣ፤ ነፋሱ ብቻ አልቆመም።

ገበሬው ከሰላምታ በላይ አይናገርም፤ ሰፈርተኛው «ቁልፉ» የሚለው አፉን ስለማይከፍት ነው። የዘራው ሁለት ዓመት ሳይበቅል ሲቀር ታች ማሳውን ሸጠ። የገዛው ጫማው የሚያብረቀርቅ የቢሮ ሰው ነበር። አፈሩን አልዘገነም፣ ስለ ውሃውም አልጠየቀም። ርዝመቱን በሜትር ለካ፣ ቀያይ ችካሎች ተከለ፣ «ለመስመር ነው» አለና ሄደ። ገበሬው የመብራት መስመር መሰለው።

«አፈር ሳይነካ መሬት የሚገዛ ጅል አየሁ» አለ ለሚስቱ። በዚያ ዓመት የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጁ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ዘንድሮም ሥራ ካጣ ሀገር ጥሎ እንደሚወጣ ቁርጡን ለእናቱ ነግሯታል። በዚህ መሀል በአቅራቢያቸው ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ አርባ ተሳቢ መኪኖቹን ለሽያጭ አወጣ። የትልቅ ኩባንያ መኪና ዘይቷ በሰዓቱ ይቀየራል፤ ገበሬው ይህን ወደደው። በማሳው ገንዘብ አንዷን ገዝቶ የዚያኑ ፋብሪካ ሲሚንቶ በልጁ ሊያስጭን አሰበ። ልጁን የሚያስቀርበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

ሻጮቹ ሞተሩን አሙቀው እንዳይጠብቁት ሳይነግራቸው በማለዳ ከልጁ ጋር ደረሰ። ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው ካልሲውን የመኪና ሚዛኑ ላይ አስጥቷል። የነዳጅ መቅጃው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ልጁ ለምን እንደሚሸጡ ቢጠይቅ የሽያጭ ኃላፊው «መስመር ቀይረናል» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ወደ ሌላ አገር መጫን ጀምረው ይሆናል ተባባሉ።

ገበሬው መዳፉን የአንዷ መኪና ሞተር ላይ አኖረ፤ ቀዝቃዛ ነው። ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተ። ከሥሯ ተንጋሎ ገባና ብሎን በብሎን አያት። ሲያስነሷት በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ጭሷ ንጹሕ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የኩባንያው መካኒክ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነው፤ የገበሬውን ዓይን ግን ቀጥ ብሎ አያይም።

«ምን ሊጭኑባት ነው፣ አባቴ?» አለ።

«የእናንተኑ ሲሚንቶ።»

መካኒኩ ንጹሑን እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ።

«ምን ደብቃችሁብኛል?» አለ ገበሬው።

«በመኪናዋ በኩል ምንም።» ሌላም ሊጨምር ከንፈሩን ሲያላቅቅ ኃላፊው ከቢሮ ብቅ አለ። መካኒኩ ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ገበሬው ነገሩ አላማረውም። እንደገና ከሥሯ ገባ። የጥገና መዝገቧን ልጁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበለት። አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም። ሌላ የሚጠይቀው ነገር አልታየውም፤ ፈረመ።

ልጁ እየነዳ፣ አባት ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጥሎ ቤት ደረሱ። ክፉ ድምፅ ሲጠብቅ አንድም አልመጣም። ሚስቱ ፊቱን አይታ ምኗ እንደ ከፋ ጠየቀችው።

«ምንም እንከን አጣሁባት።»

«ታዲያ ምን አስኮረፈህ?»

«እሱ ነዋ!»

ሌሊቱን አልተኛም። ጊርቦክሷ ይሆን፣ የታችኛው ብረቷ፣ ሻንሲዋ፣ ተበይዶ ይሆን እያለ አደረ። ልጁ ሊጭን ማልዶ ወጣ።

ፀሐይ ሳትበረታ ባዶውን ተመለሰ። አባት ከበር ወጣ፤ ጎማዎቹን አየ፣ ከሥሯ ጎንበስ ብሎ የሚፈስ ዘይት ፈለገ።

«የቱ ጋ ተሰበረች?»

«አልተሰበረችም፣ አባባ። መስመሩ እስኪያልቅ ጭነት የለም፤ ከዚያ በኋላም ለመኪና አይሰጥም አሉ» አለ ልጁ። ከመሪው ሳይወርድ ታች፣ ቀያዮቹ ችካሎች ወዳሉበት ማሳ በእጁ ጠቆመ።

ከሳምንት በኋላ ገበሬው ልጁን አውቶቡስ ላይ ሸኘ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ አካፋውን ይዞ ወደ ሸጠው ታች ማሳ ወረደና የፋብሪካውን ሲሚንቶ ለሚያጓጉዘው ባቡር ሐዲድ ከሚዘረጉት ሰዎች ጋር በቀን ሠራተኛነት ተመዘገበ።