ከመርከብ የሚደወል ቪዲዮ

እናታቸው ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ መርከበኛው ወንድሟ ግን አልተነገረውም። «አቅፎ የሚያስለቅሰው ዘመድ በሌለበት፣ ባሕር መሀል ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም። አንድ ነገር ቢሆንስ?» ብለው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆርጠዋል። ስለዚህ ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት መልክና ድምፅ ከውቅያኖስ ሲያመላልስ፣ እሷ የምታመላልሰው ውሸት ሆነ። እሑድ እሑድ ሊደውል ሲል ጥቁሯን ታወልቃለች፣ ዓይኗን ትታጠባለች።

«እትዬ፣ እማዬስ?» አላት ዛሬም፣ ከመርከቡ ጠባብ ክፍል ሆኖ እየሳቀ።

«ቤተ ክርስቲያን ናት! አንተ ደግሞ ቅዳሴ ሰዓት ጠብቀህ ነው የምትደውለው።»

«እሺ፣ ሳሚልኝ። አንቺ ግን ከስተሻል።»

«ያንተን ጉንጭ አይቼ ነዋ! ባሕር ላይ ነህ ወይስ ሠርግ ቤት?»

ተሳሳቁ፣ ተሰነባበቱ። ልትዘጋ ስትል ግን ምስሉ እንዳለ ነው፤ ወንድሟ የዘጋ መስሎት ስልኩን ግድግዳ እንዳስደገፈው ትቶት ኖሯል።

ቆቡን አወለቀ። ጭንቅላቱ በምላጭ ተላጭቷል።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ቪዲዮ አስጀመረ። ምስሉ አይታያትም፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማታል። በእናቷ ቀብር ላይ የምትጮኸው ራሷ ነበረች።

ወንድሟ ብቻውን ወለሉ ላይ ቁጭ አለና፣ የእሷን ለቅሶ እየተከተለ ደረቱን ይደቃ ጀመር።