ቦታውን ያዘው

«ወደ ግራ ነው የምትለው ጋሼ» አለ የአናጺው አማች፣ የያዛትን መንገድ ጠቋሚ ጂፒኤስ በእጅጌው እየጠረገ። «ቀስቷ ዞራለች። ቅርብ ነን።»

አናጺው ቆም አለ። መኪናዋን ጠዋት ያቆሟት ከጫካው ጫፍ፣ ከጠጠሩ መንገድ ዳር ነው፤ በእሱ ግምት ደግሞ መሆን የነበረበት ወደ ቀኝ ነው። ግን ጉሙ ከወረደ ወዲህ ግምቱን ማመን ትቷል። «በዚህ ነው» እያለ እየመራ ያንኑ የወደቀ ግንድ ደጋግሞ አሳይቶታል። ጫካ እንደ ቤቴ ነው እያለ ሲኩራራ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ውርደት አይደለም።

አማቹ የታናሽ እህቱ ባል ነው። የቢሮ ሰው ሲሆን አዲስ ዕቃ ካየ አያልፍም፤ ቤተሰቡም «ሳተላይት» ይለዋል። ጂፒኤሷን የገዛት ለዚሁ አደን ብሎ ነው። ሻጩ «ለጫካ ከሆነ ባለ ቁልፏን ውሰድ፣ በእርጥብ እጅም ትታዘዝልሃለች» ቢለው አሻፈረኝ ብሎ፣ ካርታዋ በቀለም ያሸበረቀውን፣ በጣት የምትነካዋን መረጠ። አናጺው መንገዱን ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲስቅበት ነው የመጣው። አሁን ግን ሁለቱም የቀረቻቸው ያቺው የሰማይ ላም ብቻ ናት።

«ምራ እንግዲህ» አለው። «በዝግታ። ድምፅህንም ቀንስ።»

ድምፅ ቀንስ ያለው ወዶ አይደለም። ጠዋት የተኮሰበት ጎሽ አልወደቀም። ቸኩሎ ስለነበር ጥይቱ ከትከሻው አልፎ ሆዱ ላይ አረፈ። ደሙን ተከትለው ሲንከራተቱ ዋሉ፤ ከዚያ ደሙ ጠፋ፣ ጉሙ መጣ። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ሸሽቶ አይቀርም፤ ዞሮ ያደባል። ይህን ለአማቹ አልነገረውም። ነግሮትስ ምን ሊጠቅመው? እህቱ ከበሩ ላይ ቆማ «እንደወሰድከው መልስልኝ» ስትለው እየሳቀች ነበር፤ እሱም እሺ ያላት እየሳቀ ነው። 

ቅጠሉን እየገለጡ ሄዱ። ጉሙ ከቅርንጫፎቹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ባንዲራ ቀረበች። እስካሁን ዛፉ መሳሳት፣ መንገዱም መታየት ነበረበት፤ ጭራሽ ሳሩ ረዘመ፣ ቁጥቋጦውም ተጠላለፈ።

«ስማ» አለ አናጺው። «ጠዋት መኪናዋ ጋ ቦታውን ያዘው ስልህ ይዘኸዋል አይደል?»

«እንዴ! ይዤዋለሁ እንጂ። ከመንገዱ ዳር፣ መብረቅ ከመታው ዛፍ ስር። ደግሞ እሱ ይጠፋኛል?»

«እሷ ውስጥ ነው የምልህ» አለና በአገጩ ወደ ጂፒኤሷ ጠቆመ።

የአማቹ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እሷ ውስጥማ... ያዘው ስትለኝ በልብህ ያዘው ማለትህ መስሎኝ። ልብ በለው ለማለት።»

«ታዲያ ይቺ ባንዲራ የምንድን ናት?»

«በኋላ ደሙን ያገኘን ጊዜ ነዋ። እዚያ ደግሞ ‹በመሣሪያህ ያዘው› አልከኝ፤ ያዝኩት።» ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «መልሰን ስትለኝ ‹ሂድ› የሚለውን ነካሁ። ከየት እንደተነሳን ራሷ የምታውቅ መስሎኝ ነው ጋሼ።»

አናጺው ሊቆጣ ቃጣውና ተወው። ማንን ይቆጣል? ቃሉ የራሱ ነው። በእሱ ወርክሾፕ «ያዘው» ከተባለ ሁሉም ሰው የቀረበለትን ጣውላ ጨብጦ ይይዛል፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ፈራ። እንዲህ የፈራበትን ቀን አያስታውስም።

ጂፒኤሷ ደርሰናል ለማለት ጮኸች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፅዋ ጫካውን ያዳረሰ መሰላቸው። አማቹ ሊያጠፋት በእርጥብ ጣቱ ነካ ነካ ቢያደርጋት አልሰማም አለች። አናጺው ነጠቀውና ካፖርቱ ስር ወሸቃት፤ እዚያም ሆና ትንሽ ጮኻ ዝም አለች።

ከፊታቸው ያለችውን ገላጣ አወቃት። ደሙ ሳሩ ላይ ጠቁሯል። አጠገቡ፣ ጭቃው ላይ፣ የጠዋቱ የጫማ ዱካቸው ጎን ለጎን ታትሟል። ጎሹ የለም። አናጺው አየር ሳበ።

ከዚያ ጎንበስ አለ። በጫማው ዱካ ላይ ኮቴ አርፎበታል። በቀጣዩም ላይ። በአማቹም ዱካ ላይ። እነሱ ጎሹን ሲፈልጉ፣ ጎሹም እነሱን እየፈለገ ነበር።

«ምን አየህ ጋሼ?»

 ኮቴው ውስጥ ውሃ አቁሯል። ጣቱን ሊነክርበት ዘረጋና ተወው፤ ውሃው ገና አልጠራም፣ ጭቃው ውስጡ እየተሽከረከረ ነው፤ ጎሹ የረገጠው አሁን ነው።

ቀስ ብሎ ቀና አለና ጠመንጃውን አቀባበለ። ጉሙ በዙሪያቸው እኩል ነጭ ነው። አማቹን ክንዱን ይዞ ሳበው፤ ከኋላው ሊያደርገው ፈለገ፣ ኋላው የቱ እንደሆነ ግን አላወቀም።