ከሄልሳይ የሚነሳው መስመር

ኤይቪንድ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ሲያገናኝ ሰባ የሚሆኑ የሄልሳይ ደሴት ሰዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከነካፖርታቸው ተቀምጠው ዋፍል እየበሉ ይጠብቁታል። የአየር መንገዱ ተወካይ ከፊት ወንበር ላይ ማስታወሻዋን ዘርግታለች። ዛሬ ሰምታ ትሄዳለች፤ ሰኞ አለቆቿ ከሄልሳይ የምትነሳውን ትንሽዬ አውሮፕላን ወይ ያቆዩአታል ወይ ያስቀሯታል።

ሰዉ ተናገርልን ብሎ የመረጠው እሱን ነው። የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ይሁን እንጂ የአውሮፕላን ነገር ከተነሳ ከሄልሳይ እሱን የሚያህል የለም። ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀው ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሱም ደፍሮ አልተናገረም። ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እዚያ ውስጥ አርባ አንድ አውሮፕላን ያለው አየር መንገድ አለው። ፋብሪካ ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሚያስፈቅድ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ ኦስሎን ከሊዝበን ያገናኛል፣ የትኬት ዋጋ ይተምናል፣ አብራሪ ይቀጥራል። በኪሳራ ቀይ የነበረው ቁጥር በትርፍ አረንጓዴ ሲሆንለት ደስታው ልክ የለውም። ብቻ የሃምሳ ዓመት ሰው ነውና ያፍርበታል።

«ወንበር ባዶ ሆነ ተብሎ የሰው መንገድ አይቆረጥም» ብሎ ጀመረ። «ጉድሩን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት በአውሮፕላኗ ከተማ ይሄዳሉ። ማዕበል ሲነሳ ጀልባ የለም። ታዲያ ምን ይሁኑ? እኛ ቁጥር አይደለንም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት አሮጊቷ ጉድሩን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እስቲ የመንገደኛውን ነገር በካርታ ላሳያችሁ» አለና ቁልፉን ተጫነ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ከኋላው ግድግዳ ላይ የወጣው ጨዋታው ነበር። ጠዋት ሳይዘጋው ነው የመጣው። የሰዉ ፊት ሲለዋወጥበት ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

ባሕሩ ላይ ብዙ አረንጓዴ መስመር ተዘርግቷል። ከሄልሳይ የሚነሳው አንዱ ብቻ ግራጫ ነው። ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል፦ «ሄልሳይ፣ ተዘግቷል። ምክንያት፦ ኪሳራ። የዘጋው፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤይቪንድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ድርጅቱን ሳንሰማ ገዛኸው እንዴ?» አለ የጀልባው ሠራተኛ ኡልቭ። ተሳቀ። ከዚያ ጽሑፉን አንብቦ የጨረሰ ሁሉ አንድ በአንድ ዋፍሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ተወካይዋ አልሳቀችም። «መስመሩን ምን ያህል ጊዜ አቆዩት?» አለችው።

«ሁለት ዓመት።»

«እኛ አሥራ አንድ ዓመት አቆይተነዋል።» በክፋት አልነበረም ያለችው፤ እንዲያውም ያዘነችለት ትመስል ነበር። ማዘኗ ነው የባሰበት።

 ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሁሉ የሚጀምረው ከገዛ አገሩ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ እሱም የመጀመሪያ መስመሩን ያሰመረው ከሄልሳይ ነበር። ለሁለት ዓመት ከሌላው መስመር ትርፍ እየነጠቀ ሲደጉማት ኖረ። ባለፈው እሑድ ግን አውሮፕላኗን ለስፔን መስመር ፈለጋት፤ ፒጃማውን እንደለበሰ፣ ዳቦውን እያኘከ ሄልሳይን ዘጋት። እጁ እንኳ አላመነታም። ይባስ ብሎ እፎይ ብሎ ነበር።

«እና እኔ እዚያ ውስጥ አለሁበት?» አሉ ጉድሩን።

«ጨዋታ ነው እኮ ጉድሩን። ሰው የለበትም።»

«ይሁን። ስንት መንገደኛ ጎድሎብህ ነው?»

አላስታውስም ማለት ይችል ነበር። «በየበረራው አራት» አለ።

«አራት ብቻ?» ጉድሩን ነገሩን ትንሽ አሰቡት። ቁጣ የለባቸውም፣ እንዲሁ ማወቅ የፈለጉ ናቸው። «አንተ ራስህ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳፈርክባት መቼ ነው፣ ልጄ?»

ኤይቪንድ በልቡ ወደኋላ ቆጠረ። ነሐሴ ላይ ከተማ ወርዷል፤ በጀልባ። ለገና ሄዷል፤ በጀልባ። ጀልባው ይረክሳል፣ መኪናም ይጭናል። እንዲረዳው ብሎ ወደ ኡልቭ አየ፤ ኡልቭ ጫማውን እያየ ነው። አጠገቡ ያለችው መምህርትም፣ ከኋላዋ ያሉት ባልና ሚስትም፣ ረድፉ በሙሉ እስከ በሩ ድረስ አንገቱን ደፍቷል።

ቀና ያሉት ጉድሩን ብቻ ነበሩ፤ መልሱን ይጠብቃሉ።