አርባ ሁለተኛዋ

ተራራው ተንዶ መንደሩን ከዋጠው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መሰለች በመጠለያው ድንኳን ውስጥ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ የጠፉትን ትቆጥራለች። ሴት የሆነች፣ ከላይኛው መንደር፣ እስካሁን ያልተገኘች፤ ሦስቱንም የሚያሟሉት ስንት ናቸው? ትናንት የታተመው ወረቀት አርባ አንድ ይላል፤ የኤክሴሉ ቀመር ግን አርባ ሁለት።

«አንዷ ሁለቴ ተጽፋ ይሆናል» አላት አብሯት የሚሠራው መርጊያ።

ፈለገች፤ የተደገመ ስም የለም። ቀመሩን አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ አሁንም አርባ ሁለት። በመጨረሻ ሦስቱን የሚያሟሉትን ብቻ ለይታ አወጣችና ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረች አንድ በአንድ ወረደች። የመጨረሻዋ ወረቀቱ ላይ የለችም፤ ዛሬ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ካለው ሌላ መጠለያ ከተላከው መዝገብ የገባች ናት።

መሰለች ቶማ፣ ዕድሜ ሃያ ስድስት።

«መርጊያ፣ እኔን ከጠፉት ጋር ጽፈውኛል!»

«ማነው ያስመዘገበሽ?» አለ ደንግጦ።

ዓይኗ በመስመሩ ላይ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ቆመ። «አስመዝጋቢ፦ እናት» ይላል። ቀኑ የትናንት ነው።

ከአርባ አንዱ የመጀመሪያውን ስም፣ የእናቷን ስም፣ በገዛ እጇ የጻፈችው መሰለች ራሷ ነበረች።